«ጭንቀት ነው» ከተባለ በኋላ፦ ሥር የሰደደ ውጥረት ወሲብንና መውለድን የሚያውከው በየት በኩል ነው?

«የሚያስጨንቅህ ነገር አለ? እሱ ነው፤ ራስህን ዘና አድርግ።» ብልቱ አልቆም ያለው ወንድ ይህን ይሰማል። ለሦስት ወር የወር አበባዋን ያላየችው ሴትም ይህንኑ ትሰማለች፤ ዓመት ሙሉ ሞክረው ያልተሳካላቸው ባልና ሚስትም እንዲሁ። አባባሉ ሐሰት አይደለም። ግን እዚያው ላይ ካቆመ ማንንም ካለበት ፈቅ አያደርግም፤ ምክንያቱም ሦስቱ ችግሮች የሚመጡት በተለያየ መንገድ ነው፣ የሚድኑትም በተለያየ ጊዜ ነው።

ውጥረት ወደ ወሲብና ወደ ሥነ ተዋልዶ የሚደርስበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው የነርቭ ነው፤ በሰከንዶች ይሠራል፣ ምክንያቱ ሲወገድም ቶሎ ይለቃል። ሁለተኛው የሆርሞን ነው፤ ሳምንታትና ወራት ይፈጃል፣ ሲመለስም በዚያው ልክ ቀስ ይላል። የትኛው እንደተነካ መለየት የምክሩ ሁሉ መነሻ ነው።

ፈጣኑ መንገድ

ያልቆመ ብልት ሥራ የፈታ ይመስላል። እውነቱ ተቃራኒው ነው። ሲምፓቴቲክ የሚባሉት፣ አካልን ለአደጋ የሚያዘጋጁት ነርቮች ኖርአድሬናሊን የተባለ ንጥረ ነገር እየለቀቁ በብልቱ ውስጥ ያለውን እንደ ስፖንጅ ያለ አካል ለስላሳ ጡንቻ ቀኑን ሙሉ ጨብጠው ይይዙታል፤ ደም እንዳይሞላው የሚያደርገው ይህ ነው። ብልት የሚቆመው ይህ አያያዝ ሲላላ ነው። ከአከርካሪ ግርጌ የሚነሱት ፓራሲምፓቴቲክ ነርቮችና የደም ሥሮቹ ውስጠኛ ሽፋን ናይትሪክ ኦክሳይድ ይለቃሉ፤ እሱም ሳይክሊክ ጂኤምፒ የተባለ ንጥረ ነገር እንዲመረት ያደርጋል። ጡንቻው ይላላል፣ ደም በኃይል ይገባል፣ የሞላው ስፖንጅም ደም የሚወጣባቸውን ቀጫጭን የደም ሥሮች ከጠንካራው ሽፋን ጋር አጣብቆ ይዘጋቸዋል።

እዚህ መሀል አንድ ሐሳብ ብልጭ ይበል፦ ነገ የሚከፈለው ዕዳ፣ ወይም «ዛሬም እንደ ባለፈው ቢሆንስ?» የሚል ፍርሃት። አድሬናሊንና ኖርአድሬናሊን ይጨምራሉ፣ ጡንቻው ተመልሶ ይጨበጣል፣ ተጣብቀው የነበሩት መውጫዎች ይከፈታሉ፣ ደሙ ይወጣል። ይህን ለማድረግ ምንም የሆርሞን እጥረት አያስፈልግም፤ ቴስቶስቴሮኑ ሙሉ የሆነ የ25 ዓመት ወጣት ላይም ይሆናል።

ሲልደናፊል (ቫያግራ) እና መሰሎቹ ብልት እንዲቆም የሚረዱ ክኒኖች አንዳንዴ ለምን «አልሠሩም» እንደሚባል ከዚሁ መረዳት ይቻላል። ክኒኑ ሳይክሊክ ጂኤምፒን አያመርትም፤ የተመረተው ቶሎ እንዳይፈርስ ብቻ ይጠብቃል። ሰውየው በፍርሃት ተይዞ ስሜቱ ካልተነሣ ክኒኑ የሚጠብቀው ነገር አያገኝም። ስብ የበዛበት ምግብ በልቶ ወዲያው የዋጠ፣ ወይም ውጦ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ የሞከረም እንዲሁ ያማርራል፤ ሲልደናፊል ለመሥራት በአብዛኛው ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይፈልጋል። ለልብ ሕመም ናይትሬት የሚወስድ ሰው ግን እነዚህን ክኒኖች ጭራሽ መንካት የለበትም፤ የደም ግፊቱ ለሕይወት በሚያሰጋ ደረጃ ሊወርድ ይችላል።

ዘርን የሚያስረጨው ደግሞ ያው ሲምፓቴቲክ ነርቭ ነው። የተጨነቀ ወንድ በቅጡ ሳይቆምለት ቶሎ ሊረጭ የሚችልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። «እንዳይጠፋብኝ» ብሎ መቸኮሉ ሲጨመርበት ነገሩ ይባባሳል።

በሴቶችም ዋናው ነገር ደም ነው። ስሜት ሲነሣ ወደ ቂንጥርና ወደ ብልት ግድግዳ የሚሄደው ደም ይጨምራል፤ ብልቱን የሚያርሰው ፈሳሽ በአብዛኛው ከዚሁ ደም ተጣርቶ በግድግዳው በኩል የሚወጣ ነው። ደሙ ካልመጣ ርጥበቱ የለም፣ ርጥበቱ ከሌለ ግንኙነቱ ያማል፣ አንዴ ያመመው አካል በሚቀጥለው ጊዜ የዳሌ ወለል ጡንቻዎችን ከወዲሁ ያኮማትራል። ከዚህ በኋላ የመጀመሪያው ውጥረት ቢጠፋም ሕመሙ ራሱ ሌላ ውጥረት ሆኖ ይቀጥላል።

እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ አነስተኛ ጥናት ሥር የሰደደ ውጥረት ያለባቸውን ሴቶች መካከለኛ ውጥረት ካለባቸው ጋር አነጻጽሯል። ውጥረቱ የበዛባቸው ሴቶች «ስሜቴ ተነሥቷል» ሲሉ ከሌሎቹ እኩል ነበሩ፤ የብልታቸው ምላሽ ግን ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ኮርቲሶል የተባለው የውጥረት ሆርሞን ከፍ ብሎ ታይቶባቸዋል፤ ከኮርቲሶሉ ይልቅ ዋናው ምክንያት ሆኖ የወጣው ግን የሐሳብ መበታተን ነው። ይህ ውጤት ከሚሰጠው ትኩረት የበለጠ ይገባዋል ባይ ነን። ሆርሞን ሆርሞን ሲባል ይዋላል፤ መኝታ ላይ ብዙውን ጉዳት የሚያደርሰው ግን ልብ ሌላ ቦታ መሆኑ ነው። ማስተርስና ጆንሰን የተባሉት ተመራማሪዎች ሰው በግንኙነት መሀል ከራሱ ወጥቶ ራሱን እንደ ተመልካች መታዘቡ ስሜቱን እንደሚገድል ካሳዩ ከ50 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል።

ሁሉም ሰው ግን አንድ አይደለም። የወሲብ ስሜት አንድ ነዳጅ መስጫና አንድ ፍሬን እንዳለው አድርጎ የሚያስረዳ ሞዴል አለ። ፍሬኑ የሚቀል ሰው በትንሽ ጭንቀት ስሜቱ ይገታል፤ ጥቂቶች ደግሞ ሲጨነቁ ፍላጎታቸው ይጨምራል። ባልና ሚስት በአንድ ችግር ውስጥ እያሉ አንዱ መቀራረብ ሲሻ ሌላው ዞር የሚለው ሁልጊዜ ከፍቅር ማነስ አይደለም።

መለያው

ጤነኛ ወንድ በአንድ ሌሊት ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ፣ በአብዛኛው ሕልም በሚታይበት የእንቅልፍ ክፍል፣ ሳያውቀው ብልቱ ይቆማል፤ የጠዋቱ የዚሁ የመጨረሻው ነው። ስለዚህ ጠዋት የሚቆም፣ ለብቻ ሲሆንም የሚሠራ፣ ከአጋር ጋር ሲሆን ግን የሚከዳ ብልት የደም ቧንቧውም ነርቩም ደህና መሆኑን ይመሰክራል፤ ጥርጣሬው ወደ ፈጣኑ መንገድ ያዘነብላል። በድንገት መጀመሩም ለዚሁ ያመለክታል።

በሁሉም ሁኔታ፣ በወራት ውስጥ ቀስ በቀስ እየደከመ የሄደ ከሆነ ግን «ጭንቀት ነው» ብሎ ማለፍ አደገኛ ነው። የብልት ደም ወሳጅ ቧንቧ ስፋት ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ነው፤ የልብ ከ3 እስከ 4። የደም ሥር በሽታ ጠባቡን ቀድሞ ስለሚደፍን ስንፈተ ወሲብ ከልብ ሕመም ጥቂት ዓመታት ቀድሞ ሊታይ ይችላል። የደም ግፊት፣ የደም ስኳር፣ የኮሌስትሮልና የቴስቶስቴሮን ምርመራ የሚታዘዘው ለዚህ ነው። ይህ መለያ ፍጹም እንዳልሆነም ይታወቅ፤ እንቅልፉ የተበላሸና ድባቴ ውስጥ የገባ ሰው የጠዋቱም ሊቀንስበት ይችላል።

ዝግተኛው መንገድ

አንጎል ውስጥ፣ ሃይፖታላመስ በሚባለው ክፍል፣ ጥቂት የነርቭ ሕዋሳት ጂኤንአርኤች የተባለውን ሆርሞን እንደ ልብ ትርታ በምት በምት ይለቃሉ። እንቁላል ከመውጣቱ በፊት ባሉት ቀናት ምቱ በየ60 እስከ 90 ደቂቃ ገደማ ነው። ከአንጎል ሥር ያለው ፒቱታሪ ዕጢ ይህን ምት ሰምቶ ኤልኤችና ኤፍኤስኤች የተባሉ ሆርሞኖችን ይለቃል፤ እነዚህም እንቁላል ለሚያወጣው ኦቫሪና ለወንድ የዘር ፍሬ ትእዛዝ ያደርሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኧርነስት ኖቢልና ባልደረቦቹ በጦጣዎች ላይ ያሳዩት አስገራሚ ነገር አለ፤ ሆርሞኑ ያለማቋረጥ ሲፈስ ፒቱታሪ ዝም ይላል፣ በየሰዓቱ አንዴ ሲሰጥ ግን ይነቃል። ለካ ትእዛዙ የተጻፈው ምቱ ላይ ነው።

ውጥረት የሚያውከው ይህንን ምት ነው። አደጋ ሲታሰብ ሃይፖታላመስ ሲአርኤች የተባለ ሆርሞን ይለቃል፣ ፒቱታሪ ኤሲቲኤች የተባለውን፣ ከኩላሊት በላይ የተቀመጡት አድሬናል ዕጢዎች ደግሞ ኮርቲሶል። ሲአርኤችና አብሮት የሚወጣው ቤታ ኢንዶርፊን የጂኤንአርኤችን ምት ያዘገያሉ፤ ኮርቲሶል ከላይ ምቱን፣ መሀል ላይ የፒቱታሪን ምላሽ፣ ከታች ደግሞ የዘር ፍሬንና የኦቫሪን ሥራ ይጫናል። እ.ኤ.አ. በ2003 ለጉርምስና ወሳኝ መሆኑ የታወቀው ኪስፔፕቲንም ለጂኤንአርኤች ሕዋሳት «ልቀቁ» የሚለውን መልእክት የሚያደርስ ነው፤ ውጥረትም የምግብ እጥረትም ድምፁን ይቀንሱታል።

አንድ ታዋቂ ስህተት እዚህ ላይ ይታረም። «ኮርቲሶል የቴስቶስቴሮንን ጥሬ ዕቃ ይሰርቃል» የሚል ማብራሪያ በየቦታው ይዞራል፤ ማሟያ እንክብል የሚሸጡ ሰዎች ይወዱታል። ኮርቲሶል የሚሠራው አድሬናል ውስጥ ነው፣ የወንድ ቴስቶስቴሮን ደግሞ በአብዛኛው በዘር ፍሬ ውስጥ። እያንዳንዱ ሕዋስ ከኮሌስትሮል የራሱን ያመርታል፤ አንዱ ከሌላው የሚሰርቅበት የጋራ ጎተራ የለም። የሚሆነው የትእዛዝ መቀነስ ነው። «የደከመ አድሬናል» የሚባለውም የታወቀ የሕክምና ምርመራ ውጤት አይደለም።

በሴቶች የምቱ መዘግየት በደረጃ ይታያል። መጀመሪያ እንቁላል ከወጣ በኋላ ያለው የዑደቱ ክፍል ያጥራል፤ ቀጥሎ እንቁላል ሳይወጣ ዑደቱ ያልፋል፤ በመጨረሻ ደሙ ራሱ ይቀራል። ዑደቷ በተደጋጋሚ ከ45 ቀን የሚያልፍ ወይም ሦስት ወር ያላየች ሴት ልትመረመር ይገባል። መጀመሪያ የእርግዝና ምርመራ፣ ከዚያ የታይሮይድ፣ የፕሮላክቲን (ወተት የሚያስመርተው ሆርሞን)፣ የኤፍኤስኤች፣ የኤልኤችና የኢስትራዲዮል (ዋናው ኢስትሮጅን፣ የሴት ሆርሞን)። ውጥረት ነው የሚባለው እነዚህ ሌሎች ምክንያቶች ከተወገዱ በኋላ ነው። ፕሮላክቲን በመርፌ ፍርሃት ብቻ ትንሽ ከፍ ሊል ስለሚችል፣ በጥቂቱ ከፍ ያለ ውጤት ሌላ ቀን ተረጋግቶ መደገም አለበት።

የውጥረት ድርሻ ብቻውን የሚመጣበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከምግብ መቀነስና ከስፖርት መብዛት ጋር ተደምሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ጥናት ለሰውነት የሚተርፈው ጉልበት ስብ በሌለበት ክብደት በኪሎ በቀን ከ30 ኪሎካሎሪ ሲወርድ፣ የኤልኤች ምት በአምስት ቀን ውስጥ እንደሚዛባ አሳይቷል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ስብ የሌለበት ክብደቷ 42 ኪሎ የሆነ ሴት ለስፖርት ያወጣችው ተቀንሶ የሚቀርላት ከ1,260 ኪሎካሎሪ በታች ከሆነ ምቱ አደጋ ላይ ነው፤ አስተማማኙ መጠን በኪሎ 45 ገደማ፣ ለእሷ 1,890 ነው። ክብደቷ «ትክክለኛ» ሆኖም ይህ ሊደርስ ይችላል፤ ብዙ ሐኪም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

በዚያው ዓመት ሌላ ቡድን 16 የወር አበባቸው የቀረባቸውን ሴቶች ለሁለት ከፍሎ፣ ስምንቱ ለ20 ሳምንታት የሐሳብና የባህርይ ሕክምና እንዲያገኙ፣ ስምንቱ ደግሞ ክትትል ብቻ እንዲደረግላቸው አደረገ። ከታከሙት ሰባቱ የኦቫሪ ሥራቸው ተመለሰ፣ ካልታከሙት ሁለቱ ብቻ። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ግን ያለ ምንም ሆርሞን፣ በንግግር ብቻ ምቱ ሊመለስ እንደሚችል ማሳየቱ ቀላል ነገር አይደለም።

የወሊድ መከላከያ ክኒን ሰጥቶ «ይኸው መጣ» ማለት ግን መሸፋፈን ነው። በየወሩ የሚታየው ደም ክኒኑ ሲቋረጥ የሚመጣ እንጂ የዑደቱ መመለስ አይደለም። ኢስትሮጅን ለረጅም ጊዜ ሲያንስ አጥንት ይሳሳል፤ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ለቀረባት ሴት የአጥንት ጥግግት ምርመራ ይመከራል። እርግዝና የማትፈልግ ሴትም «ደም የለኝም፣ አላረግዝም» ማለት የለባትም፤ የመጀመሪያው እንቁላል ከመጀመሪያው ደም ቀድሞ ይወጣል።

በወንዶች መዛባቱ ድምፅ አልባ ነው። ቴስቶስቴሮን አብዛኛውን ጊዜ የሚቀንሰው በመጠኑ ሲሆን እንቅልፍ ማጣትም ይጎዳዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ ጥናት 10 ጤነኛ ወጣቶች ለአንድ ሳምንት በሌሊት አምስት ሰዓት ብቻ ሲተኙ የቀን ቴስቶስቴሮናቸው ከ10 እስከ 15 በመቶ ቀንሷል። ምርመራው ትርጉም እንዲኖረው ደሙ ከንጋቱ 1 ሰዓት እስከ ረፋዱ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ምግብ ሳይቀመስ፣ በሁለት የተለያዩ ቀናት መቀዳት አለበት። ሌሊቱን ሳይተኛ ያደረ ሰው ከሰዓት በኋላ ያስመረመረው ውጤት ብዙም አይታመንም።

ልጅ የሚፈልግ ወንድ ቴስቶስቴሮን መርፌ ወይም ቅባት መውሰድ የለበትም። ከውጭ የገባው ሆርሞን ፒቱታሪን «በቃ፣ ሞልቷል» ያሰኘዋል፤ ኤልኤችና ኤፍኤስኤች ይወርዳሉ፣ የዘር ምርት ይቀንሳል፣ ጨርሶ ሊቆምም ይችላል። ሰውየው ጉልበት አግኝቶ ዘሩን ያጣል።

ጽንስና «አትጨነቂ» የሚለው ምክር

ውጥረት ጽንስን ያዘገያል? በአሜሪካ ሚሺጋንና ቴክሳስ ግዛቶች ለማርገዝ የሚሞክሩ ጥንዶችን እስከ 12 ወር የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት፣ በምራቃቸው ውስጥ አልፋ አሚሌዝ የተባለው የውጥረት ምልክት ከፍተኛ የሆነባቸው ሴቶች በየዑደቱ የማርገዝ ዕድላቸው በ29 በመቶ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። የምራቅ ኮርቲሶል ግን ልዩነት አላመጣም። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2011 የ14 ጥናቶችንና የ3,583 ሴቶችን መረጃ ያጠቃለለ ትንታኔ፣ ከአይቪኤፍ (እንቁላልና ዘር ከሰውነት ውጭ ከሚገናኙበት ሕክምና) እና ከመሰሎቹ በፊት የነበረ ጭንቀት ሕክምናው መሳካት አለመሳካቱን እንደማይወስን ደርሶበታል። ሁለቱ አይጋጩም። ውጥረት የእንቁላልን ሰዓት፣ የግንኙነትን ብዛትና ልማዶችን ሊያውክ ይችላል፤ ሕክምናው እንቁላሉን ራሱ ሲያወጣና ከዘር ጋር ሲያገናኝ እነዚህ ይታለፋሉ። ስለዚህ ሕክምናው ያልተሳካላትን ሴት «ስለተጨነቅሽ ነው» ማለት መሠረት የሌለው ነው፤ ጭካኔም ነው።

የዘር ፈሳሽም የራሱ ሰዓት አለው። አንድ የወንድ ዘር ተሠርቶ እስኪያልቅ 74 ቀን ገደማ ይፈጃል፣ በመጓጓዣው ቱቦ ለመብሰል ደግሞ እስከ ሁለት ሳምንት። ዛሬ የተሰጠው ናሙና የሚናገረው ከሦስት ወር ገደማ በፊት ስለነበረው ሕይወት ነው፦ ስለዚያን ጊዜው ትኩሳት፣ ሐዘን፣ መጠጥና ሲጋራ። ናሙናው ከ2 እስከ 7 ቀን ከመርጨት ተቆጥቦ ይሰጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው ዝቅተኛ ማመሳከሪያ በአንድ ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን ዘርና 30 በመቶ ወደፊት የሚዋኝ ነው፤ ከዚህ ትንሽ መውረድ መካንነት ማለት አይደለም፣ ምርመራው መደገም አለበት ማለት ነው። በላቦራቶሪው ክፍል ውስጥ ናሙና መስጠት ያቃተው ወንድም አይፈር፤ ፈጣኑ መንገድ ነው የያዘው። ብዙ ቦታ እቤት ሰጥቶ በሰውነት ሙቀት ጠብቆ ቶሎ ማድረስ ይፈቀዳል።

በቀን መቁጠሪያ የሚደረግ ግንኙነት ራሱ የውጥረት ምንጭ ይሆናል። «ዛሬ ነው፣ የግድ ነው» ሲባል ያልከዳው ብልት የሚከዳው ያን ቀን ነው። ለማርገዝ የሚያመቹት እንቁላል የሚወጣበት ቀንና ከዚያ በፊት ያሉት አምስት ቀናት ናቸው፤ በእነዚህ ውስጥ በየአንድና በየሁለት ቀኑ መገናኘት በቂ ስለሆነ አንዷን ቀን ማሳደድ አያስፈልግም። ዕድሜዋ ከ35 በታች የሆነች ሴት ከ12 ወር፣ 35ና ከዚያ በላይ የሆናት ከ6 ወር ሙከራ በኋላ ሁለቱም አብረው ይመርመሩ። የወር አበባዋ የተዛባባት እስከዚያ አትጠብቅ።

ማስተካከያው

ለፈጣኑ መንገድ ጥሩ የሚሠራው ማስተርስና ጆንሰን ያዳበሩት የመነካካት ልምምድ ነው። ሲሰሙት የልጅ ጨዋታ ይመስላል፤ የሚከብደው ሕጉን ማክበሩ ነው። መጀመሪያ ግንኙነት ለተወሰነ ጊዜ በስምምነት ይታገዳል። በሳምንት ሁለት ሦስቴ፣ ስልክ ሌላ ክፍል ተቀምጦ፣ ከ20 እስከ 60 ደቂቃ አንዱ ሌላውን ከጡትና ከብልት በስተቀር ይነካል፣ ከዚያ ይቀያየራሉ። የነኪው ሥራ የቆዳውን ሙቀትና ልስላሴ ልብ ማለት ነው፤ ሐሳቡ ሲሄድ ያለ ወቀሳ ወደ እጁ መመለስ። ይህ ያለ ጭንቀት ሲሆን ብልትና ጡት ይጨመራሉ፣ አሁንም ያለ ግብ። ብልት ቢቆም ሆን ብሎ መተውና እንዲወርድ መፍቀድ፣ ከዚያ እንደገና መጀመር፤ የወረደው ተመልሶ እንደሚመጣ ሰውየው በገዛ አካሉ የሚያየው እዚህ ነው። ቀጥሎ ያለ እንቅስቃሴ መግባት፣ በመጨረሻም ሙሉ ግንኙነት። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በአንድ ቦታ ነው፦ በሁለተኛው ሳምንት ብልቱ በደንብ ይቆማል፣ «ይኸው ዳነ» ተብሎ ሕጉ ይጣሳል፣ ፈተናው ተመልሶ ይመጣል፣ ፍርሃቱም አብሮ።

የጭንቀትና የድባቴ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ሌላ ወጥመድ አለባቸው። ሴሮቶኒን ላይ የሚሠሩት መድኃኒቶች ፍላጎትን ሊቀንሱና እርካታን ሊያዘገዩ ይችላሉ፤ ችግሩ የመጣው መድኃኒቱ ከተጀመረ በኋላ ከሆነ ለሐኪሙ መንገር እንጂ በድንገት ማቋረጥ አይገባም። መጠኑ ሊቀነስ ወይም በሌላ ሊተካ ይችላል። ለመረጋጋት ተብሎ የሚጠጣ አልኮልም በዚያው ሌሊት ብልትን ያደክማል፣ እንቅልፍን ይቆራርጣል።

ለዝግተኛው መንገድ ትዕግሥት ይጠይቃል። በቀን የሚበላውን መጨመር፣ ስፖርቱን መቀነስ፣ ሰባት ሰዓትና ከዚያ በላይ መተኛት፣ ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር መሥራት። የወር አበባ በዚህ ለመመለስ ወራት ሊወስድ ይችላል፤ ከ6 እስከ 12 ወር ተሞክሮ ካልመጣ አጥንትን ለመጠበቅ በቆዳ የሚለጠፍ ኢስትራዲዮል ፕሮጄስቲን ከተባለ ሌላ ሆርሞን ጋር ለተወሰነ ጊዜ ሊታዘዝ ይችላል። ወንዱም እንቅልፉን ካስተካከለና ሲጋራውን ከተወ በኋላ የዘር ምርመራውን በሦስተኛው ሳምንት ሳይሆን በሦስተኛው ወር ይድገም፤ ቀድሞ የተደገመው የሚያሳየው ያንኑ የድሮውን ዘር ነው።